ከሙታን ጋር የተጠራ ስም

ገደል የገባ ሰው ዱላውን አስደግፎ አይወድቅም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ኢንስፔክተር ማስተዋል ከአርብ ገበያ ከተማ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ ቆማ መጀመሪያ ያየችው ይህንን ነው። ከታች፣ ከገደሉ ሥር፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር እንድርያስ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ከላይ፣ መንገደኛ አረፍ በሚልበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ፣ የወይራ ዱላው ባለቤቱ አሁን መጥቶ የሚያነሣት ይመስል ቋጥኙን ተደግፋ ቆማለች።

«አዳልጦት ነው» አለ የጣቢያው አዛዥ። «ትናንት ከገበያ በኋላ ወደ እናቱ ሲወርድ መሸበት። መንገዱን መቼም ታውቂዋለሽ።»

ማስተዋል ቁጢጥ ብላ ድንጋዩን ታያለች። በታኅሣሥ የሽምብራ እሸት የማይፈለፍል የጋይንት ሰው የለምና የእሸት ገለባ ብርቅ አይደለም። ይህ ገለባ ግን በድንጋዩ ግራና ቀኝ ሁለት ቦታ ተከምሯል፤ መሀሉ ላይ እሸቱ የታሰረበት ልጥ ተፈትቶ ወድቋል።

«ሁለት ሰው ተቀምጦ ነበር» አለች።

«አንዱ ሌላ መንገደኛ ይሆናላ፣ በሌላ ሰዓት ያለፈ።»

«ልጡ አንድ ነው፣ ጌታዬ። አንድ እስር ለሁለት ተካፍለው ነው የበሉት። የወደቀውም በጀርባው ነው፤ ፊቱን ወደ ጓደኛው እንዳዞረ። ሰው ከማያምነው ጋር እሸት ተካፍሎ፣ ዱላውን አስቀምጦ፣ ለገደል ጀርባውን ሰጥቶ አይቆምም።»

አዛዡ መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቶሎ መጨረስ ይወዳል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ እሱም ሳይመሽ ነከሰ። የሟቹ ስልክ ከአዩብ ሱቅ ተገኘ። አዩብ ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠግን፣ ከከተማው ጥቂት ሙስሊም ነጋዴዎች አንዱ ነው። «ቻርጅ አድርግልኝ፣ እሑድ እወስደዋለሁ ብሎኝ ነው» ቢልም ማን ይስማው። ጣቢያ ገባ። ከተማውም «እኔ ድሮም አላምነው» ማለት ጀመረ፤ ስልኩን ሲያስጠግን የኖረው ሁሉ። አዛዡ ከሣልስቱ ማግስት ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ አለ። ማስተዋል እውነቱን የምታገኝበት ጊዜ እስከ ሣልስቱ ብቻ ሆነ፤ ያ ካለፈ ንጹሕ ሰው ሊበላ ነው።

የእንድርያስን ዕድል የማያውቅ በአርብ ገበያ አልነበረም። ኳንተም ኮምፒውተርና ኔትወርክ ለሚባል ትምህርት አንድ የፈረንጅ አገር ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተቀብሎታል፤ ወጪው በሙሉ የእነሱ ነው። ትምህርቱ ምን እንደሆነ የገባው ሰው ባይኖርም ኩራቱ ለሁሉም ገብቶት ነበር። አርብ ዕለት ወደ ቆላ የወረደውም ለእናቱ ለወይዘሮ ካሣነሽ የጉዞውን ቀን ሊነግራት ነው።

እሑድ በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። የእንድርያስ የሥራ ባልደረባ፣ የሒሳብ መምህሩ ተሻገር፣ ሬሳውን ከገደል ተሸክመው ካወጡት ፊተኛው ነበር። ወይዘሮ ካሣነሽን ደግፎ የሚሄደው እሱ ነው፤ እሷም «ልጄ» እያለች ክንዱን ትይዛለች። ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ካሣነሽ ወደ ቄስ ኤፍሬም ጠጋ ብላ የልጇን የክርስትና ስም በጆሯቸው ነገረቻቸው። የቄሱ መስቀል አየር ላይ ቀረ። አንድ እስትንፋስ ያህል ነው፤ ከዚያ ጸሎቱን ቀጠሉ፤ ስሙን ግን ከአጠገባቸው ላለ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነበር ያነሡት። «አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ተክለ አልፋ…»

ማስተዋል የድጓ ሊቅ ልጅ ናት፤ ቄስ በቃል የሚያውቀውን ጸሎት ሲጀምር ለምን እንደሚደነግጥ ማወቅ ፈለገች። ሌላም ነገር አየች። ተሻገር ራሱን በጋቢ ሸፍኖ ያለቅሳል፤ የቀኝ እጁ ጣት ግን ጉልበቱ ላይ ዜማውን ትከተላለች፤ ትነሣለች፣ ትሰበራለች፣ ትረግጣለች። ትከተላለች ማለትም ስሕተት ነው፤ ከካህናቱ ቀድማ ነበር የምትሄደው።

ከቀብር መልስ ቄስ ኤፍሬምን ዕቃ ቤቱ ጥላ ሥር አገኘቻቸው።

«አባቴ፣ ስሙን ሲሰሙ ደነገጡ።»

«ልጄ፣ ንስሐ ቢሆን ኖሮ አንገቴ ቢቆረጥ አልነግርሽም። ንስሐ አይደለም፤ ግን ከበደኝ።» መስቀላቸውን በነጠላቸው ጠረጉት። «ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ቅዳሴ ሳንገባ፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው ጨለማው ውስጥ መስቀል ተሳልሞ በሹክሹክታ ለመነኝ። ‹አባ፣ ተክለ አልፋን ከሙታን ጋር ያስቡልኝ› አለ። እኔም አሰብኩ። የሞተ ዘመዱ ነው ብዬ።»

«ቅዳሜ ንጋት የእንድርያስ ሬሳ ገና አልተገኘም።»

«እሱ ነው የከበደኝ። ስሙም እንደ ገብረ ማርያም በየቤቱ የሚገኝ አይደለም፤ እኔ በዚህ ደብር ሌላ ተክለ አልፋ አላውቅም።»

«ድምፁን አላወቁትም?»

«ያለቀሰ ሰው ድምፅ ሁሉ አንድ ነው፣ ልጄ።»

ከዚያ ወደ ካሣነሽ ሄደች። እናትየው እንባዋ ደርቆ መደብ ላይ ኩርምት ብላለች።

«እማማ፣ ተክለ አልፋ የሚለውን ስም ማን ያውቀዋል?»

«ማን ይወቀው ብለሽ? የክርስትና አባቱም፣ የነፍስ አባታችንም ሞተዋል። እንድርያስ ራሱ የሐዋርያ ስም ስለሆነ ሰው ሁሉ የክርስትናው ይመስለዋል። ልጅ ሆኖ ቤተ ልሔም፣ የድጓው ጉባኤ ቤት ሲማር ግን በዚያ ነበር የሚጠራ፤ እዚያ የዓለም ስም የለ።»

«ቤተ ልሔም አብሮት የተማረ ሰው ያውቃሉ?»

«እኔ የት አይቻቸው። በእግር የሁለት ቀን መንገድ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ስጠይቀውም ‹ተይው እማ፣ የሰው ምስጢር አለበት› ይለኝ ነበር።»

ማስተዋል ይህችን ቃል ይዛ ወጣች። የዚያኑ ቀን ወደ ቤተ ልሔም ስልክ ደወለች።

ሰኞ ሰዎቹን አንድ በአንድ አነጋገረች። አዜብ የእንድርያስ እጮኛ ናት፤ በጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ነች። መሄዱን አልወደደችውም፤ አልደበቀችም።

«አምስት ዓመት ጠብቂኝ አለኝ። እኔ እናቴ ስትጠብቅ ነው ያረጀችው አልኩት። ረቡዕ ተጣልተን አርብ ታረቅን። አዲስ አበባ ጎጃም በረንዳ አይደለም የሚሄደው፣ መመለሱን በምን ላውቅ?»

«አርብ ማታ የት ነበርሽ?»

«ምጥ ላይ ነበርን። መንታ። ወላዷን ጠይቂያት፤ እስክትሞት አትረሳኝም።»

ርእሰ መምህሩ ጥጋቡ መልቀቂያ ሳይፈርምለት መቆየቱን አመነ። «ሌላ የፊዚክስ መምህር ከየት ላምጣ? ጨቁኜዋለሁ፣ አዎ። ግን ሐሙስ ፈረምኩለት። ሚስቴ ‹የድሀ ልጅ መንገድ ላይ አትተኛ› ብላ እንቅልፍ ነሣችኝ።»

ተሻገርን ያገኘችው ካሣነሽ ጓሮ ለለቅሶኛው እንጨት ሲፈልጥ ነው። ዐይኑ አብጧል። ማስተዋል አዘነችለት፤ ይህንን በኋላ ለራሷም ማመን ከበዳት።

«መቼ ተዋወቃችሁ?»

«ዩኒቨርሲቲ። አንድ ዶርም ነበርን።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«እኔ ከስማዳ ነኝ፣ ወገዳ። እሱ የዚህ። በምን እንተዋወቃለን?»

«ለዚህ ትምህርት አንተ አልሞከርክም?»

«እኔ?» መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰካው። «የእሱ ጭንቅላት ሌላ ነው። እኔ እሱን መግፋት ነበር ሥራዬ።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ተሻገር ዐይኑን ሰበረ። ማስተዋል ያልሰማች መስላ አለፈች።

አዩብ በጣቢያው ክፍል ተቀምጦ ሲያያት ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኔ የምልሽ፣ እህቴ፣ ሰው የሚገድል ሰው የገደለውን ሰው ስልክ መቶ በመቶ ቻርጅ አድርጎ ያስቀምጣል?»

«አርብ ዕለት ሱቅህ ውስጥ ምን ሆነ?»

«ልታስተምረው ከተቀበለችው ፕሮፌሰር ጋር በቪዲዮ ተነጋገረ። ኔትወርኩ እንደምታውቂው ነው፤ በሩን ከፍተን፣ እየጮኸ። እኔም እንግሊዝኛዬ ለዚያ አያንስም፣ እሰማ ነበር።» ፈገግታው ጠፋ። «ትምህርቱን ሲያስረዳኝ ምን ይለኝ ነበር መሰለሽ። በዛሬው ኔትወርክ ማንም መሀል ገብቶ ቢሰማ አይታወቅም። የኳንተሙ ግን ጆሮ የጣለ ሰው መልእክቱን ያበላሸዋል፤ በመበላሸቱም ጆሮ መጣሉ ይታወቅበታል። ‹አዩቤ፣ ሐሜት የማይችል ስልክ በለው› ይለኝ ነበር።»

«የዚያን ዕለት ጆሮ የጣለ ነበር?»

አዩብ ዝቅ ባለ ድምፅ እንድርያስ ለፕሮፌሰሯ ያላትን፣ በሩ ላይ የማን ጥላ አይቶ እንደነበርና ጥላው መቼ እንደጠፋ ነገራት። ማስተዋል እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«ይህን ለአዛዡ ለምን አልተናገርክም?»

«ጥላ አየሁ ብዬ የሰው ነፍስ ላስጠይቅ? እኔን በስልክ ብቻ ምን እንዳደረጉኝ እያየሁ?»

«እንግዲያው ነገ እናገረዋለሁ፤ ግማሹን ብቻ። ሌላውን ግማሽ እስክጠይቅህ በአፍህ ያዝልኝ።»

ማክሰኞ ሣልስቱ ነው። ካሣነሽ ደጅ በተተከለው ድንኳን ዘመድ፣ ጎረቤት፣ መምህራን፣ ቄስ ኤፍሬምና የጣቢያው አዛዥ ተሰበሰቡ። አዩብ በአንድ ፖሊስ ታጅቦ ጥግ ተቀመጠ፤ አጠገቡ የነበሩት ፈቀቅ አሉ። ተሻገር ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ ለእንግዶች እጅ ያስታጥባል። ማስተዋል የሁሉም እጅ እስኪታጠብ ጠበቀች።

«እማማ ካሣነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በለቅሶ ቤት ነገር አይነሣም፤ ግን የልጅዎ ነገር ነው» አለች።

«አንሺው» አለች ካሣነሽ። «ከዚህ ወዲያ ምን እሆናለሁ።»

«የእንድርያስን የክርስትና ስም የምታውቁት ማን ማን ናችሁ? አዜብ?»

«እንድርያስ አይደል እንዴ?»

«ጋሽ ጥጋቡ?»

«እኔም ያው። የሐዋርያ ስም አይደል።»

«ተሻገር?»

ተሻገር ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። «ከእንድርያስ ሌላ አላውቅለትም።»

«አዩብ፣ አንተስ?»

«እኔማ በየት አባቴ።»

ማስተዋል ወደ ውጭ ምልክት ሰጠች። ከጓሮ አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። ከቤተ ልሔም በጠዋቱ መኪና ያስመጣቻቸው መሪጌታ ጥላዬ ናቸው። ድንኳኑ ብድግ አለ። ሽማግሌው «በእግዚአብሔር» እያሉ ሲያልፉ ሳህን የያዘው ሰው ጋ ደርሰው ቆሙ፤ አገጩን በእጃቸው ቀና አደረጉት።

«ወልደ ሰንበት? አንተ ነህ? ጢም ብታበቅልም ዐይንህ ያው ነው። ተክለ አልፋን ብቻህን ቀበርከው፣ ልጄ?»

ሳህኑ ከተሻገር እጅ ወደቀ። ውሃው መሬቱ ላይ ፈሰሰ፤ ሳህኑን ማንም አላነሣውም።

«መሪጌታ፣ እነዚህ ልጆች እንዴት ነበሩ?» አለች ማስተዋል።

«አንድ ጎጆ፣ አንድ ደበሎ። አንዱ ለምኖ ያመጣውን ሁለቱ ይበሉታል። ይሄ ከስማዳ የመጣው በውሻ የተነከሰ ጊዜ ተክለ አልፋ ነው ለሁለት ሲለምን የከረመ።»

ካሣነሽ ተሻገርን እንደ አዲስ አየችው። ማስተዋል ቀጠለች፤ ድምፅዋን አላነሣችም።

«አርብ አመሻሽ እንድርያስ ከአንድ ሰው ጋር አንድ እስር እሸት ተካፍሏል፤ ዱላውን አስደግፎ። ስለዚህ የሚያምነው ሰው ነው። ቅዳሜ ንጋት፣ ሬሳው ሳይገኝ፣ አንድ ሰው ኪዳነ ምሕረት መጥቶ ‹ተክለ አልፋን ከሙታን ጋር ያስቡልኝ› ብሏል። መሞቱን የሚያውቀው የገደለው ብቻ ነው። አዩብ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ስሙንም አያውቅም። እጮኛውም ርእሰ መምህሩም እንድርያስ ነው ይላሉ፤ ገዳይም ቢሆኑ ‹እንድርያስን› ነበር የሚያስጠሩ። ያንን ስም የሚያውቅ ቤተ ልሔም አብሮት የተራበ ሰው ነው። በቀብሩ ዕለት አንድ የሒሳብ መምህር ጣቱ ከካህናቱ ቀድማ ዜማ ስትመታ አየሁ። ድጓ በዩኒቨርሲቲ ዶርም አይማሩም። እስከ አሁን ‹ስሙን አውቃለሁ፣ አብሬው ተምሬያለሁ› ቢለኝ ኖሮ ጥርጣሬ ብቻ ነበር የሚኖረኝ። ካደ።»

«የቆሎ ተማሪነቴን ስለማፍርበት ነው» አለ ተሻገር። «ሰው ይስቃል። እሱም ለማንም አልነገረብኝም።»

«አዎ። ለእናቱ እንኳ። ምስጢርህን ይዞልህ ነው የሞተ።» ቆም አለች። «ትምህርቱን አልሞከርኩም ያልከኝም ውሸት ነው። ሁለታችሁም አመልክታችሁ እሱ አለፈ፣ አንተ ተጠባባቂ ሆንክ። አርብ ዕለት በአዩብ ሱቅ በር ቆመህ ነበር። እንድርያስ ለፕሮፌሰሯ ምን አላት? ‹ተሻገርን ከተጠባባቂነት አውጡት› ነው ያላት።»

የተሻገር ፊት ተለወጠ። ከአርብ ጀምሮ ያመቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ! እኔን፣ አብሬው የለመንኩትን፣ ስሜን አስወጣ። እሱ ሂያጅ ነው፤ ተጠባባቂ ብሆንለት ምን ይጎድልበታል? የሞተብኝ እዚያው በር ላይ ነው። መንገድ ላይ ተከትዬ ደረስኩበት። እሸት ሰጠኝ። ‹ከፕሮፌሰሯ ጋር ምን አወራህ?› አልኩት። ‹እሑድ እነግርሃለሁ› ብሎ ሳቀ። ሳቀብኝ። ይናገራል ብዬ ጠብቄው ነበር፤ እንዲያምንልኝ ብቻ። ሲስቅብኝ…» እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋና ገና አሁን ያያቸው ይመስል መልሶ ሰበሰባቸው።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። ድንኳኑ ውስጥ ይህን ተረት ያነሡ ሰዎች ግን ፈረሱ የትኛው እንደሆነ ገና አልገባቸውም ነበር።

«አዩብ» አለች ማስተዋል፤ «ጥላው ከበሩ ከሄደ በኋላ እንድርያስ ምን አለ?»

አዩብ ተነሣ። ተሻገርን ማየት አልፈለገም፤ ለካሣነሽ ነው የተናገረ።

«እናቴ፣ እንዲህ ነው ያላት። ‹ተሻገርን ከተጠባባቂነት አውጡትና ሙሉ ቦታ ስጡት። ኔትወርክ ሁለት ጫፍ አለው፤ እኔ አንዱን ጫፍ ብቻዬን ይዤ ምን አደርጋለሁ? እሱ ካልመጣ እኔም አልመጣም።› ሴትዮዋ ሳቀች። ቦታ አለኝ፣ እሑድ አረጋግጬ እደውላለሁ፣ እስከዚያ አትንገረው አለችው። ሲወጣ አቅፎኝ ‹አዩቤ፣ እሑድ ፊቱን ማየት ነው› አለኝ። እሑድ ጣቢያ ነበርኩ። ደውላ ይሆናል።»

ተሻገር ቁልቁል ቁጭ አለ፣ በፈሰሰው ውሃ ላይ። «አይሆንም» አለ፤ ደግሞ «አይሆንም» አለ። አዛዡ የአዩብን ክንድ ይዞ የነበረውን ፖሊስ ወደ ተሻገር አዞረው። አዩብ አጠገብ የነበሩት ሰዎች ፈቀቅ ያሉበትን ቦታ ሊመልሱ ሲጠጉ እሱ ሄዶ ከመሪጌታ ጎን ተቀመጠ።

ተሻገር በፖሊሶቹ መሀል ሲያልፍ ካሣነሽ እግር ሥር ወደቀ። «እማዬ» አላት።

እሷ አላየችውም። ወደ መሪጌታ ዞረች።

«የዚህ ልጅ የክርስትና ስሙ ማን ነው አሉኝ?»

«ወልደ ሰንበት» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ተሰብሯል።

ካሣነሽ ወደ ቄስ ኤፍሬም ዞረች። «አባቴ፣ ይህንንም ስም ይያዙልኝ።»

ቄሱ የይቅርታ ቃል የሰሙ መስሏቸው መስቀላቸውን አነሡ። «እሺ ልጄ፣ በየቅዳሴው አስበዋለሁ። ከሕያዋን ጋር ነው?»

ካሣነሽ ሦስት ቀን ክንዱን ይዛ የሄደችውን ልጅ ትክ ብላ አየችው።

«ከሙታን ጋር» አለች፤ ነጠላዋንም በፊቷ ላይ ጣለች።